እንደ «ላቭ ላይቭ» ያለ፣ ሴት ልጆች ዘፋኝ የሚሆኑበት አኒሜ፣ ማለትም የጃፓን ካርቱን፣ ጠቁሙኝ (ከእናቴ ጋር የሚታይ)

ሰፊዋ ከፍኖተ ሰላም፦

ሰላም እንዴት ናችሁ? ጥያቄዬ አንድ መስመር ነው፣ ወሬዬ ግን ረዘም ይላል። የቸኮለ ሰው የመጨረሻውን አንቀጽ ብቻ ቢያነብ አልቀየምም። ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የምጽፈው።

ፍኖተ ሰላም ልብስ ሰፊ ነኝ። ሱቄ በሁለት ማሽን፣ በአንድ የከሰል ካውያና በአንድ ያረጀ ላፕቶፕ ሞልታለች። የላፕቶፑ ባትሪ ስለሞተ መብራት ሲሄድ አብሮ ይሄዳል። ታናሽ እህቴ 13 ዓመቷ ነው፤ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ሱቅ ትመጣና ቁልፍ እየተከለች፣ ክር እየለቀመች ታግዘኛለች። ስንሠራ የሆነ ነገር ካልተከፈተ እጃችን አይንቀሳቀስም። ኢንተርኔት በጠፋበት ጊዜ ፍላሽ ይዤ ፊልም ማስጫን ጀመርኩ። ጫኙን ልጅ «የልጆች ስጠኝ» ስለው ከሞላልኝ መሀል «ላቭ ላይቭ» የሚል ፎልደር ተገኘ። የመጀመሪያው ነው፣ የ2013ቱ።

ላላያችሁት፦ ቶኪዮ ውስጥ ያለ የሴቶች ትምህርት ቤት ተማሪ አጥቶ ሊዘጋ ነው። ሆኖካ የምትባል ልጅ ትነሳና «ዘፍነን፣ ጨፍረን ስሙን እናስጠራለን፣ ያኔ ተማሪ ይመዘገባል» ትላለች። አብሮ አደጎቿን ኮቶሪንና ኡሚን ይዛ ትጀምራለች፤ እያለ እያለ ዘጠኝ ይሆናሉ። ሦስተኛው ክፍል ላይ ወረቀት በትነው፣ ልብስ ሰፍተው፣ የቤተ መቅደስ ደረጃ ላይ ሽቅብ ቁልቁል ሲሮጡ ከርመው መድረክ ላይ ይቆማሉ። መጋረጃው ሲከፈት አዳራሹ ባዶ ነው። ወንበር ብቻ። እኔ ያን እያየሁ የአንድ ሰውዬ ሱሪ ኪስ አፉን ሰፍቼ ዘጋሁት። ሰውዬው በማግስቱ ዝርዝር ሊከት ሲል ነው ያወቀው።

እናቴን እንዴት እንዳሳመንን ልንገራችሁ። እህቴ ከታች ያለውን እንግሊዝኛ እያነበበች ለእናቴ ታስተረጉማለች። «አይዶል» (ጃፓኖች እየዘፈነች እየጨፈረች አድናቂ የምታፈራን ወጣት የሚጠሩበት ነው) የሚለው ላይ ስትደርስ ስልኳ ላይ ያለውን መዝገበ ቃላት ከፈተችና ድምጿን ከፍ አድርጋ «እማዬ፣ ልጆቹ ጣዖት ሊሆኑ ነው» አለቻት። እናቴ ስኒዋን አስቀምጣ አማተበች። «እንዲያ ከሆነስ ትምህርት ቤቱ ቢዘጋ ይሻላል» አለች። ሁለት ቀን ሙሉ ፊልሙ ሱቅ ውስጥ ታገደ። ያስታረቀችን ኡሚ ናት። የተሰፋላት ቀሚስ አጭር ሆኖ ሲቀርብላት አልለብስም ብላ ስትንጨረጨር እናቴ በበር በኩል አየቻት። «ይችኛዋስ ያሳደጋት አለ» ብላ ዱካዋን ስባ ተቀመጠች። አሁን ኡሚን «ልጄ» ነው የምትላት።

እኔን የያዘችኝ ግን ኮቶሪ ናት። ልብሱን የምትነድፈው፣ የምትሰፋው እሷ ናት። ዘፈኑ ሲመጣ እህቴ አብራ ትጨፍራለች፣ እኔ ፊልሙን አቁሜ ሽንሽን እቆጥራለሁ። እንዲያ ያለ ቀሚስ ከነገበሩ፣ ከነሪባኑ ሁለት ሜትር ተኩል አያንሰውም፤ ለዘጠኝ ሰው 22 ሜትር ተኩል ሳቲን። ብሩን ማን ሰጣቸው? ፊልሙ ዝም ይላል። ደግሞ ለአዲስ ዘፈን አዲስ ልብስ! በዚህ በዚህ እንኳ ዳይሬክተሩን አግኝቼ ሂሳብ ባወራርደው ደስ ይለኝ ነበር።

ይህን ሁሉ የምለፈልፈው በሰኔው የወላጆች በዓል ምክንያት ነው። እህቴ አራት ጓደኞቿን ሰብስባ «እኛም» አለች። አምስት ቀሚስ ሰፋሁ። ሳቲኑ ስለተወደደብኝ ፊቱን ብቻ ሳቲን፣ ጀርባውን ቴትሮን አደረግሁት፤ ዞር ካላሉ አይታወቅም፣ ግን ጭፈራ ነውና ዞሩ። ሁለት ወር ከሱቁ ጓሮ ተለማምደዋል። ተራቸው ደርሶ አንድ ስንኝ እንደዘፈኑ መብራት ሄደ። ተዘጋጅቷል የተባለው ጄኔሬተር ነዳጅ የለውም። የመድረክ መሪው «ለሚቀጥለው ዓመት ያድርሰን» ብሎ ሊያስወርዳቸው ሲል አምስቱም ያለ ሙዚቃ፣ ያለ ማይክ ቀጠሉ። የሰማው ከፊት የተቀመጠው ብቻ ነው፤ የኋላው ሰው ልጆቹ ለምን እንደሚዘሉ እንኳ አልገባውም። እህቴ ስትወርድ ታለቅሳለች ብዬ ነጠላዬን አዘጋጅቼ ነበር። «ባዶ አልነበረም እኮ» ብላኝ አለፈች።

እንግዲህ የምፈልገው ከዜሮ የሚጀምሩ ልጆች ነው። ከታወቁ በኋላ ያለው ብዙ አይማርከኝም፣ ልፋቱ ይታይልኝ። ከተማው ትንሽ ቢሆን እሰየው። እናቴ አጠገብ አንገት የሚያስደፋ ነገር አይኑርበት። ሁለተኛውን ሲዝንና የ2015ቱን ፊልም ጨርሰናል፣ እሱን አትጠቁሙኝ።

ጣና ዳር፦

እህቴ፣ በዚያ ሰውዬ ኪስ በሳቅ ገደልሽኝ።

መልስሽ እዚያው ቤት ነው፤ «ላቭ ላይቭ ሰንሻይን»፣ 2016። ይኸኛው ቶኪዮ አይደለም፤ ኑማዙ የምትባል ከተማ ጥግ ያለች ኡቺውራ የምትባል የባሕር ዳር መንደር ናት። ቺካ ቤተሰቦቿ የእንግዳ ማረፊያ አላቸው፣ እሷ «ተራ ልጅ ነኝ» ማለት የማይሰለቻት ልጅ ናት። ያንቺዎቹን ዘጠኝ ልጆች አይታ ነው የምትነሳው። ስለ ዜሮ ካነሳሽማ፣ እነዚህ ልጆች ለመጀመሪያ ጊዜ ቶኪዮ ሄደው ያገኙት ድምፅ 0 ነው። አንድም ሰው አልመረጣቸውም። ውጤቱን በወረቀት ነው የሚሰጧቸው። ቺካ ሌሎቹን ታጽናናለች፣ ትስቃለች፣ ምንም አልሆንኩም ትላለች፤ ከዚያ በኋላ ያለውን ራስሽ እይው። እኔ ለውድድር አዲስ አበባ ድረስ ሄዶ ባዶ እጁን የተመለሰ ሰው ስለሆንኩ ያን ክፍል ሁለት ጊዜ አይቸዋለሁ። ዓባይ በረሃን ስንሻገር አውቶቡሱ ውስጥ ቀልድ የማወራው እኔ ነበርኩ፣ ልክ እንደ ቺካ።

ኑማዙ ደግሞ የእውነት ከተማ ናት። ተመልካቹ ቦታዎቹን ሊያይ ስለሚጎርፍ የልጆቹን ሥዕል የመንገድ ፍሳሽ ክዳን ላይ ሳይቀር አሠርተውታል። እኛ ጋ መጀመሪያ ክዳኑ ቢገኝ!

ሁለተኛ «ሎኮዶል»፣ 2014፣ 12 ክፍል ብቻ። ናናኮ የምትባል ተማሪ አጎቷ ማዘጋጃ ቤት ይሠራል፤ ከሌላ ልጅ ጋር አድርጎ ከተማቸውን በዘፈን እንዲያስተዋውቁ ያስቀጥራታል። በሰዓት ይከፈላቸዋል! ዝነኛ ካልሆንኩ ብሎ የሚንቀለቀል ሰው የለም፤ ሥራቸው ከተማቸው ናት። ብዙ ሰው ትንሽ ናት ብሎ ይንቃታል፣ እኔ ግን ከትልልቆቹ ጎን ነው የማስቀምጣት።

«ዌክ አፕ ገርልስ» የሚል ሰው ይመጣብሻል፣ ቀድሜ ልንገርሽ። ሴንዳይ ላይ ነው፣ 2014፤ አገሩ ከ2011ዱ የመሬት መንቀጥቀጥና ሱናሚ ገና እያገገመ ነው። ታሪኩ የፈለግሽው ዓይነት ነው፦ ድርጅቷ ብር የላትም፣ አለቃዋ ያለውን ይዛ ትጠፋለች፣ ልጆቹ የመድረክ ልብስ ስለሌላቸው የትምህርት ቤት ዩኒፎርማቸውን ለብሰው በገና ዋዜማ ብርድ ለጥቂት ሰው ይዘፍናሉ። ካሜራው ግን ባለጌ ነው፣ ቀሚስ ሥር ይገባል። ብቻሽን እይው።

ሰፊዋ ከፍኖተ ሰላም፦

ዜሮን በወረቀት ጽፎ መስጠት? ጨካኞች። አመሰግናለሁ ወንድሜ። ማዘጋጃ ቤት በሰዓት ከፍሎ ዘፋኝ የሚቀጥርበትን አገር እናቴ ካላየች አታምነኝም።

ፍላሽ ቤት ደብረ ማርቆስ፦

ማርቆስ ፊልም እጭናለሁ፣ እዚህ ሥራ ላይ 11 ዓመቴ ነው። ያንች ጫኝ እኔ አይደለሁም፤ እኔ ብሆን ቅደም ተከተሉን ጽፌ እሰጥሽ ነበር። ከ2025 ወዲህ፣ «ኬፖፕ ዲመን ሀንተርስ» ከወጣ ማለቴ ነው፣ ሴት ልጆች ሁሉ የሚመጡት «ሦስት ሆነው እየዘፈኑ ጋኔን የሚያባርሩትን ጫንልን» እያሉ ነው። አኒሜ አይደለም ብዬ መከራከሩን ትቻለሁ። እጭናለሁ፣ ብሬን እቀበላለሁ።

የኔ ምርጫ «ዞምቢ ላንድ ሳጋ» ነው፣ 2018። ሳኩራ የምትባል ልጅ በ2008 ለአይዶልነት ልትመዘገብ ከቤቷ ስትወጣ መኪና ገጭቶ ይገድላታል። ከአሥር ዓመት በኋላ ትነቃለች፣ ግን ሬሳ ናት። ኮታሮ የሚባል ጩኸታም ሰውዬ በተለያየ ዘመን የሞቱ ሰባት ሴቶችን አስነስቶ፣ ሳጋ የምትባለውን ማንም የማያነሳትን ክፍለ ሀገር በዘፈን አድናታለሁ ብሎ ይነሳል። እብደት ነው፣ ግን ሥራውን ያውቃል። ሁለተኛው ክፍል ላይ ሁለቱ መድረክ ላይ ተጣልተው በራፕ ይጠዛጠዛሉ። የሠርግ ቤት አዝማሪ ነው የመሰለኝ፦ አንዷ ትወረውራለች፣ ሌላዋ ተቀብላ ትመልሳለች፣ ቤቱ እየሞቀ ይሄዳል። የጎጃም ሰው ሆኖ ያን ክፍል ያልወደደ ደሙ ይመርመር። የዶሮ ቤት ማስታወቂያ የሚሠሩበትም አለ፣ ቤቱ በእውን ሳጋ ውስጥ ያለ ምግብ ቤት ነው። ከሰባቱ አንዷ የ1980ዎቹ ዘፋኝ ናት፣ ከአድናቂ ጋር ፎቶ እየተነሱ መሸጥ ያሳፍራታል፤ የ2000ዎቹ ዘፋኝ የነበረችው ደግሞ «እንጀራችን እኮ ነው» ትላታለች። ሁለቱም ልክ ናቸው፣ ክርክሩ ያምራል።

እናትሽ ግን ሬሳ ሲዘፍን... እንጃ። በጾም አታሳያት።

ስለ ላፕቶፑ፦ የምስሉ ጥራት 480 ያለውን አስጭኝ። 1080 ያረጀ ላፕቶፕ ላይ ድምፁ ይቀድማል፣ ከንፈሩ ይከተላል። ጽሑፉ ለብቻው ፋይል ሆኖ ከመጣ ደግሞ ስሙን ከቪዲዮው ስም ጋር አንድ አድርጊው፤ አለበለዚያ አይወጣልሽምና እህትሽ የምታስተረጉመው ታጣለች። (ብታጣ ለእናትሽ ሰላም ነው።)

የሞጣው፦

ሁላችሁም ስኳር በስኳር አደረጋችሁት። ዘፋኝነት እንጀራ ነው፣ እንጀራ ደግሞ ምጣዱ ያቃጥላል። «ኦሺ ኖ ኮ»ን እዩ፣ 2023፣ የመጀመሪያው ክፍል ብቻውን አንድ ሰዓት ተኩል ነው። አይ የምትባለው ዘፋኝ ሕዝቡን «እወዳችኋለሁ» ትላለች፤ ውሸት መሆኑን ራሷ ታውቃለች፣ አንድ ቀን እውነት ይሆንልኛል ብላ ነው የምትዋሸው። ከዚያ ማን ስንት እንደሚያገኝ፣ ዘፋኟ ፍቅረኛ ብትይዝ ለምን እንደ ወንጀል እንደሚቆጠርባት፣ ኢንተርኔት ላይ ሰው ተረባርቦ አንዲትን ልጅ እንዴት እንደሚበላት ያሳያችኋል። የ13 ዓመት ልጅ አይዶል ልሁን ካለች ማሳየት ይሄንን ነው።

ጣና ዳር፦

የመጀመሪያው ክፍል መጨረሻ ላይ ደም አለ። ሞጣው ሳይነግርሽ እንዳትከፍችው።

ሰፊዋ ከፍኖተ ሰላም፦

የሞጣው ወንድሜ፣ ማሽን ከዘጋሁ በኋላ ማታ ብቻዬን አየዋለሁ። ግን ማን አይዶል ልሁን አለ? እህቴ ነርስ ነው መሆን የምትፈልገው። አምስት ልጆች አብረን እንዝፈን ስላሉ ኑሯቸውን በዘፈን ሊያደርጉ ነው እንዴ? እኛስ ለሠርግ ሎሚ ተራ ተራ ስንል ማን ውል አስፈረመን? እነ ሆኖካም እኮ ተማሪ ናቸው፤ ከትምህርት መልስ የሚያደርጉት ነው፣ ሲመረቁ ያቆማሉ። ለዚያ ነው የወደድኩት።

መምህርት ከዳንግላ፦

እታለም፣ እኔ እንኳ የዚህ ሰው አይደለሁም፣ ልጄ ናት ያስለመደችኝ። ጡረታዬ ደርሷል። እስከ መጨረሻው ያየሁት አንድ ነው፤ «ፉል ሙን ዎ ሳጋሺቴ»፣ 2002፣ 52 ክፍል። ሚትሱኪ የ12 ዓመት ልጅ ናት፣ ጉሮሮዋ ላይ ዕጢ አለ፣ መዝፈን ትፈልጋለች። የምታሳድጋት አያቷ ግን ሙዚቃ የሚባል ነገር ቤቷ እንዲገባ አትሻም። ሁለት መልአከ ሞቶች መጥተው የቀረሽ አንድ ዓመት ነው ይሏታል፤ አንደኛው የ16 ዓመት ልጅ አድርጎ ይለውጣትና በዚያ መልኳ ትዘፍናለች። አሮጊቷ ለምን እንዲያ እንደሆነች ቀስ እያለ ነው የሚገለጠው። እኔ ከልጅቱ ይልቅ ያለቀስኩት ለአያቷ ነው። ምክንያቱም አውቃታለሁ፤ «አዝማሪ ልትሆኝ ነው?» ስድብ በሆነበት ቤት ነው ያደግነው። ጂጂን ዛሬ ሁሉም «የቻግኒ ልጅ፣ የእኛ ልጅ» ይላታል። አንዲት የሠፈር ልጅ ነገ ዘፋኝ ልሁን ብትል ግን አባቷ ምን እንደሚላት እናውቃለን።

ደግሞ ጃፓን ብቻ ለምን? የሬዲዮዋን «የኛ»ን ረሳችኋት? በእኛ አቆጣጠር በ2005 ነው የጀመረችው፤ አምስት ልጆች፣ ግማሹ ድራማ፣ ግማሹ ዘፈን፣ ግማሹ ውይይት። (ሦስት ግማሽ መሆኑን አውቃለሁ፣ የሒሳብ መምህርት አይደለሁም።) ራሔል ጌቱ ከነሱ አንዷ ነበረች። ያለ ዕድሜ ጋብቻን፣ ጥቃትን በግልጽ ያነሱ ነበር። የእንግሊዝ ጋዜጦች በአገራቸው የሴቶች የዘፈን ቡድን ስም «የኢትዮጵያ ስፓይስ ገርልስ» እያሉ ዘመቱባቸውና በ2017 በፈረንጆች መንግሥታቸው ይሰጥ የነበረውን የገንዘብ ድጋፍ አቋረጠ። ተማሪዎቼ እረፍት ላይ ተቃቅፈው ዘፈናቸውን ሲሉ በመስኮት እሰማቸው ነበር፤ ለክፍለ ጊዜዬ የዘገየሁበትም ቀን አለ። እህትሽም አምስት አደረገቻቸው፣ ሳታውቅ ይሆናል።

ሰፊዋ ከፍኖተ ሰላም፦

ይቅርታ ጠፋሁ፤ የመስከረም ዩኒፎርም ጉድ ሊያደርገኝ ነበር። እትዬ መምህርት፣ እርስዎ ያሉትን አስጭኛለሁ፤ እናቴ አያቷን ስታይ ምን እንደምትል ፈርቼ ገና አልከፈትኩትም።

«ሎኮዶል» አልቋል። እናቴ ከዘፈኑ ይልቅ ደመወዙን ነው የተከታተለችው። «በሰዓት ስንት? ዝናብ ቢመጣስ ይከፈላቸዋል? ጡረታ አለው?» በመጨረሻ «ከተማቸውን ማመስገን ምን ኃጢአት አለው» ብላ ፈረደች። ዞምቢዎቹን ማታ ብቻዬን ጀመርኩ፤ ያ የራፕ ክፍል ላይ ብቻዬን አጨብጭቤ የጎረቤት ዘበኛ መጥቶ በሩን አንኳኳ። «ኦሺ ኖ ኮ» ጥሩ ነው፣ ግን ስመለከት ሽንሽን መቁጠር ረሳሁ፤ ለእኔ ይሄ ጥሩ ምልክት ይሁን መጥፎ አላወቅሁም።

«ሰንሻይን» ላይ ዜሮዋ ደረሰች። እህቴ ምንም አላለችም። ከፓትሮን ወረቀቴ ቀድዳ በኖራ ትልቅ 0 ጽፋ ከማሽኑ በላይ ግድግዳው ላይ ለጠፈችው። ላነሳው ብል አትነሳም አለች። እስከ ዛሬ እዚያው ነው፤ ደንበኛ ሁሉ እየገባ «ዋጋው ነው?» ይለኛል፣ አንዱማ ሦስት ሱሪ ይዞ መጣ። አምስቱ ልጆች ደግሞ ባለፈው ቅዳሜ ተሰልፈው መጥተው የቀሚሶቹን ጀርባ ወደ ሳቲን ቀይሪልን አሉ። ብር የለንም፣ ቁልፍ እንተክልልሻለን አሉኝ። አሁን የማስተከለው ቁልፍ እያለቀብኝ ነው።

ጣና ዳር፣ አንድ ነገር ብቻ። ሁለተኛውን ሲዝን ዛሬ ልንጀምር ነው። የእነ ቺካም ትምህርት ቤት ሊዘጋ ነው ተብሏል፤ ይተርፋል ወይስ ይዘጋል? ለእናቴና ለእህቴ አልነግርም፣ ለራሴ ነው።

ጣና ዳር፦

አልነግርሽም። ሰባተኛው ክፍል ላይ ስትደርሽ ግን የሰው ሱሪ አትስፊ።